የሚናቲ መጽሐፍ መጨረሻ

ከኮምቦልቻ ተነስቼ ላስ ቬጋስ ድረስ የሄድኩት የአንድ ታሪክ መጨረሻ ፍለጋ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ዘመድ ጥየቃ እላለሁ፤ እሱም ውሸት አይደለም፣ አክስቴ እዚያ ይኖራሉ። መንገዱን፣ ያደርኩበትንና የበላሁትን እየጠየቃችሁኝ በአፌ መናገር ስለሚያሳፍረኝ እዚህ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ታሪኩ ልንገራችሁ። ኦማን፣ ሙስካት ውስጥ አራት ዓመት በሰው ቤት ስሠራ ምግብ የምታበስለው ሚናቲ የምትባል ሴት ነበረች። አገሯ ሕንድ ነው፤ ኦዲሻ ከሚባል የባሕር ጠረፍ ክፍለ አገር የመጣች ናት፣ ቋንቋዋም ኦዲያ ይባላል። እኔ ኦዲያ አልችል፣ እሷ አማርኛ አትችል፤ የምንግባባው ከሥራ በለቀምነው የማድ ቤት አረብኛ ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ናኒ እላት ነበር። እኛ እትዬ እንደምንለው ነው፣ በእነሱ ታላቅ እኅት ማለት ነው። እመቤቲቱ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ሚናቲ ናኒ ከሩዝ ጆንያው ጀርባ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ታወጣለች። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። እሷ አንድ ሁለት ገጽ ለራሷ ታነብና ቀና ብላ በአረብኛ ትነግረኛለች። የፍቅር ታሪክ ነው። ስሞቹ ለእኔ ስለሚከብዱኝ ሴቷን «ቢንት»፣ ወንዱን «ወለድ» ትላቸው ነበር፤ ልጅቷና ልጁ እንደ ማለት።

አገሬ ስገባ እንዳልረሳው ብዬ በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሆኖም መናኸሪያው አጠገብ ልብ ወለድ ከሚያከራየው ሰው እየወሰድኩ ያላነበብኩት የለም። ሦስት ደብተር ሞላሁ። መጋረጃ የምሰፋበት ቤት ባለቤት እትዬ ዘሀራ አንድ ቀን ከጨርቅ ሥር አግኝታ ወሰደችው። ከእሷ ወደ ፀጉር ቤት፣ ከፀጉር ቤት ወደ ጤና ጣቢያ ሲዞር ከርሞ ጥጉ ተበልቶ ተመለሰልኝ። እትዬ ዘሀራ ቅር ያላት ነገር ቢኖር ልጁ ነው፤ አንድ ጊዜ ጀልባ ቀዛፊ፣ አንድ ጊዜ አስተማሪ፣ አንድ ጊዜ ሐኪም ይሆናል። «ይሄ ልጅ ሥራ አይበረክትለትም» ትላለች።

ታሪኩ መጨረሻ አልነበረውም። ልጅቷ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ልጁን ስትጠብቅ፣ ዝናብም ሲጀምር፣ የእኔ ኮንትራት አለቀና አገሬ ገባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ኖሩ። እኔም ከእነሱ አልሻልም። እስከ ዛሬ ያፈቀረኝ ሰው የለም፤ ይህን ስጽፍ ባፍርም እውነት ነው። ፍቅር ምን እንደሚመስል ያየሁት ከዚያች ልጅ ጋር ስለሆነ፣ ልጁ ከመጣላት ለእኔም የሚመጣ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሚናቲ ናኒ ልጇ ላስ ቬጋስ ለሚሠራ ሰው ስለተዳረች የልጅ ልጅ ልታሳድግ እዚያ ሄዳለች። በስልክ መጨረሻውን ስጠይቃት መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ «ስንገናኝ» ትለኛለች። አክስቴ እዚያው ከተማ ሆነው የጥሪ ወረቀት ሲልኩልኝ እግዜር ያዘዘው ነው አልኩ። ኤምባሲ የጠየቀኝ ሰውዬ ለምን ትመለሻለሽ ቢለኝ ሌላ መልስ ጠፍቶኝ፣ ደብተር ላይ የጻፍኩትን ታሪክ መጨረሻ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ አልኩት። አስተርጓሚዋ ሳቀች። ሰውዬው አልሳቀም፤ ፓስፖርቴን ግን ቪዛ ሊመታበት ወሰደው።

ቅዳሜ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወጣሁ። መስከረም ስለነበር እስከ ጣርማ በር ድረስ መሬቱ ለምልሟል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። አሜሪካ ማለት አፍሬ አዲስ አበባ አልኳቸው፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው አካፈሉኝ። ማታ አውሮፕላን ገባሁ። ምግብ ሲመጣ በትንሽ ዕቃ ያለውን ቅቤ አይብ መስሎኝ ባዶውን በላሁት። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆሙም አሳፈረኝና ጨረስኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ከአውሮፕላኑ ወርጄ ሻንጣዬን ከመውሰዴ በፊት ያየሁት የቁማር ማሽን ነው፤ ተደርድሮ ያበራል፣ ይዘፍናል። ያን ዕለት ማታ ወተት ልንገዛ የገባንበት ሱቅ ውስጥም ነበር፣ ከዳቦው መደርደሪያ ማዶ። አንዲት አሮጊት የገዙትን ሽንኩርት እግራቸው ሥር አስቀምጠው ይጫወታሉ። ሽንኩርቱ የእኛን ሁለት እጥፍ ያህላል።

አክስቴ ጽጌ ከልጃቸው ከሊያ ጋር መጥተው ነበር። በወጣትነታቸው በሱዳን አድርገው ስደተኛ ሆነው የገቡ ናቸው፣ እኔ ሳልወለድ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ካዩኝ በኋላ «ቁርጥ እናትሽን» አሉ። ሊያ እዚያው የተወለደች ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ አጭር ነው፣ ልቧ ግን ሰፊ ነው። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ ሶፋ ላይ ተኛች። «አንቺ ጌስት ነሽ፣ እኔ ሶፋ ላይክ አደርጋለሁ» አለችኝ። አላመንኳትም፣ ግን እንዴት እንደምከራከር አላወቅሁም።

ቤታቸው ዊትኒ የሚባል ሰፈር ነው። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ዋልኩ። አክስቴ ካዚኖ ያለበት ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ፤ ሺፍታቸው የሌሊት ስለሆነ ቀን ይተኛሉ። ሊያ ከትምህርቷ ወደ ሥራ ትሄዳለች። በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው። በመስኮት አየሁ፤ መኪና ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ሰው የለም። እኛ ሰፈር ሰው በሬን ሳያንኳኳ ሲገባ እበሳጭ ነበር፣ ያን ቀን የሚገባ ሰው አማረኝ። መጋረጃቸው ቀኑን ሌሊት የሚያደርግ ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ግን ተፈቷል። መርፌ ይዤ ስለነበር የአራቱንም መስኮት ጠርዝ በእጄ ሰፍቼ ጨረስኩ። አክስቴ ሲነሱ አይተው፣ ለእረፍት ብጠራሽ ኦቨርታይም ገባሽ ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ መጋረጃውን በእጃቸው ዳበሱት።

ማክሰኞ ወደ ሚናቲ ናኒ ሄድኩ። ቤቷ ኢንተርፕራይዝ ከሚባለው ሰፈር ነው፣ ከተማውን ተሻግሮ። ሊያ የአውቶቡሶቹን ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ቁጥሩን በትክክል አየሁ፤ ከየትኛው የመንገዱ ጎን እንደሚያዝ ግን አልጠየቅሁም። ተቃራኒውን ይዤ ብዙ ከሄድኩ በኋላ ቤቱ ሳስቶ ደረቅ ተራራ ሲመጣ ጊዜ ወረቀቱን ለሾፌሯ አሳየኋት። አልተቆጣችም። አቁማ ማዶውን በጣቷ አሳየችኝ፣ ጥላ ያለበትንም ቦታ አሳየችኝ። ከእኔ ዘንድ እንግሊዝኛ እንደሌለ ስታውቅ እጄን መታ መታ አድርጋ ሄደች።

ኢንተርፕራይዝ ቤቱ ሁሉ አዲስ ነው፣ ሁሉም የአሸዋ ቀለም ተቀብቷል፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ የለም። አጥር አለው፣ የአጥሩም በር በቁጥር ነው የሚከፈተው። ቁጥሩን አላውቅም፣ ስልኬ ደግሞ ካርድ የለውም። መኪና ሲገባ ተከትዬ በእግሬ ገባሁ። የቤቱን ቁጥር አገኘሁና አንኳኳሁ። የወጡት ነጭ ሽማግሌ ናቸው፤ ያው ቁጥር ሌላ መንገድ ላይም ኖሯል። ወረቀቴን አነበቡ፣ ፊቴንም አዩ። ቀዝቃዛ ውኃ አምጥተው እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ፣ ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው በዚያ ፀሐይ እስከ ትክክለኛው በር ሸኙኝ። አመሰግናለሁ ለማለት አንገቴን ሦስት ጊዜ ሰበርኩ፤ እሳቸውም መልሰው ሰበሩልኝ።

ሚናቲ ናኒ በሩን የከፈተችው ሕፃኑን ታቅፋ ነው። ፀጉሯ ነጥቷል። ሕፃኑን በመሃላችን ይዘን ተቃቅፈን አለቀስን፣ እሱም ሲያየን አብሮ አለቀሰ። ልጇና አማቿ ሥራ ሄደዋል። ፓካላ አበላችኝ፤ የተቀቀለ ሩዝ ውኃ ውስጥ አድሮ እንደ አሬራ ኮምጠጥ ሲል በተጠበሰ ደበርጃን የሚበላ ነው። በዚያ ሙቀት አንጀት ያርሳል። ሙስካት ውስጥ እመቤቲቱ ሽታውን ስለምትጠላው ተደብቀን ነበር የምንበላው፣ እዚህም ልጇ ስለማትወደው ቀን ቀን ብቻ ትበላዋለች።

ከበላን በኋላ ደብተሮቼን አወጣሁ። ፊደላችንን በጣቷ እየነካካች፣ እግራቸውን አጥፈው የቆሙ ትናንሽ ሰዎች ይመስላሉ አለች። የእነሱ ፊደል ክብ ክብ ነው። ድሮ በዘንባባ ቅጠል ላይ በሹል ብረት ስለሚጻፍ ቀጥ ያለ መስመር ቅጠሉን ይቀድደዋል፤ ለዚያ ነው ክብ የሆነው ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት። ወንዝ ዳር የተቀመጠችው ልጅ ምን ሆነች አልኳት።

«የትኛዋ ልጅ?» አለችኝ።

«ልጅቷ ናት እንጂ። ቢንት።»

«የትኛዋ ቢንት?»

ሄዳ መጽሐፉን አመጣችው። ያው ራሱ ነው፣ የዘይት ጠብታው እንኳ አልለቀቀም። እየገለጠች ሥዕሎቹን አሳየችኝ፤ አንዲት ረጅም ሹሩባ ያላት፣ አንዲት መነጽር ያደረገች፣ አንዲት ውኃ የቀዳች። ዘጠኝ ሥዕል፣ ዘጠኝ ልጅ፣ ዘጠኝ ታሪክ፣ ዘጠኝ ጸሐፊ። መጽሐፉ አንድ ልብ ወለድ አልነበረም። እነሱ ዘንድ ከአምላካቸው የመጸው በዓል በፊት መጽሔቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ወፍራም እትም ያወጣሉ። ሴቶች ከአዲስ ልብስ ይልቅ እሱን ይጠብቃሉ፣ ከቤት ቤት እየተዋዋሱ እስከሚቀጥለው ዓመት ያነቡታል። እሷ አንዱን ታሪክ ስትጨርስ ሌላውን ትጀምርልኝ ነበር፤ ዘጠኙንም «ቢንት» ስላለቻቸው እኔ አንድ ሰው አድርጌያቸዋለሁ። ሥዕሎቹንም ያኔ አይቻቸው ነበር። መነጽር ያላት ስትመጣ፣ ልጅቷ ከለቅሶ ብዛት ዓይኗ ደከመ ብዬ ጽፌያለሁ።

ይህን ስነግራት ሳቀች። ሕፃኑን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጁስ ሥራ የሚቀያይረው ለዚህ ነው ስላት ደግሞ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ፊቴን አየችና ሕፃኑን መልሳ አነሳችው።

«እሺ፣ የወንዙ ዳሯስ?» አልኳት።

«የእሷ ታሪክ እዚያው ያልቃል። ተቀምጣለች፣ ዝናብ ይጀምራል፣ አለቀ።»

«መጣ?»

«ጸሐፊው አልነገረንም። እኛ አገር ይህን የሚጠይቅ የለም፣ እኅቴ።»

ሁለት ዓመት የፈለግሁት መጨረሻ ደብተሬ ውስጥ ነበር። ሳህኖቹን አጠብኩ። በሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ማልቀስ ሲመጣብኝ ሳህን አጥባለሁ።

ረቡዕ ከቤት አልወጣሁም። አክስቴ ዱባ ወጥ ሠርተው «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። መንገዱ ደክሞኝ ነው አልኳቸው። አለቃቸውን በስልክ «ፕሊስ፣ ፕሊስ» እያሉ ዕረፍት ሲለምኑ ሰማሁ። ከኩሽና ሆኜ ሰማሁና ይበልጥ አፈርኩ።

ሐሙስ ሊያ ከትምህርቷ በፊት ሚናቲ ናኒ ቤት ድሮፕ አደርግሻለሁ አለችኝ። መኪና ውስጥ ምን ሆኜ እንዳዘንኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ሶ ዘጠኝ ልጆች አንድ ልጅ ውስጥ ገቡ? ዋው፣ በጣም ደክሟታል» አለች። ከመጣሁ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ሚናቲ ናኒ ደብተሩን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። በሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። እንቢ ብል አሥር ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር መጥቼ ደግሞ ልሄድ ነው፤ ስለዚህ ተቀመጥኩ። አማርኛውን እያየሁ በማድ ቤት አረብኛ ነገርኳት፣ እሷ ሙስካት እንደምታደርገው። የራሷን ታሪኮች ነው የምትሰማው፣ ግን አታውቃቸውም ነበር። ሹሩባ ያላት ልጅ ፍቅረኛዋ ሲተዋት፣ ያቺው ልጅ በሌላው ታሪክ ውኃ ልትቀዳ ትወጣለች። ያቺው ደግሞ በሦስተኛው አስተማሪውን ታያለች። አንዱ ያቆሰላትን ሌላው ቢያክማት ጠባሳው አልጠፋም። ሚናቲ ናኒ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፣ የሚበስል ነገር ሳይኖር።

እያረፍን ስለ አገሯ ታሪኮች ነገረችኝ። ከድሮው ግጥም ጀምሮ ፍቅር በእነሱ ዘንድ የሚነገረው በመለየት ነው። ፊደላቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከተል የግጥም ዓይነት አለ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ስንኝ። ሴቷ በፊደል ቁጥር ትናፍቃለች፣ ፊደሉ ያልቃል፣ ናፍቆቱ ይተርፋል። አያቷ ማንበብ ሳይችሉ በቃል ይሉት ነበር አለች። በኋላ ባቡር ጣቢያ የሚሸጡት ልብ ወለዶች መጡ፣ ደብዳቤና ኮሌጅ ገባባቸው፣ መለየቱ ግን ያው ሆነ። ለምን እንደሚወዱት ጠየቅኋት። ሽንኩርት መላጡን አቁማ እንዲህ አለችኝ፦

«ያገኘችውን ልጅ አንብበን እንዘጋታለን፣ ወጥ ልንሠራ እንነሳለን። ያላገኘችው ግን አብራን ማድ ቤት ትገባለች።»

የእኛ አገር አንባቢ ሠርግ ካላየ እንደማይተኛ፣ እትዬ ዘሀራም ደብተሩን እሳት እንደምትለቅበት ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። እዚህ ከመጣች ጀምሮ የምታነብለት ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ልጇ ያደገችው በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ስለሆነ ክቡን ፊደል በግድ ነው የምታነበው፣ ጊዜም የላትም። ስለዚህ ለሕፃኑ ጮክ ብላ ታነብለታለች፣ እሱ ይተኛል። ሦስተኛውን ደብተር ስጨርስ፣ ልጅቷን ወንዝ ዳር አስቀምጬ ሳቆም፣ ሚናቲ ናኒ ወደ ፊት ዘንበል ብላ «ከዚያስ?» አለችኝ። ይህን የማይጠይቁ ሰዎች ናቸው ብላኝ ነበር። ሁለታችንም ደብተሩን አየን።

ቅዳሜ አክስቴ ዕረፍት አግኝተው የከተማውን መብራት አሳዩኝ። ካዚኖዎቹ የተደረደሩበትን ረጅም መንገድ እግሬ እስኪያብጥ ሄድን። በአንዱ ሆቴል ፊት ውኃ ወደ ላይ ይዘላል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። አክስቴ ግን የሚያሳዩኝ ፎቁን ሳይሆን መስኮቱን ነበር፤ ይሄን ያህል ክፍል አለው፣ በሺፍት ይህን ያህል አልጋ ይደርሰኛል እያሉ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ ሳታገቢ ልትመለሺ ነው እንዴ አሉኝ። አክስቴ ቀድመው «መጽሐፍ ልትጽፍ ነው የመጣችው» ብለው መለሱልኝ። ከየት እንዳወቁ እንጃ፣ ሊያ ነግራቸው ይሆናል። መሬት መሬት አየሁ፣ ደስ ግን ብሎኛል።

ሰኞ ልሰናበት ሄድኩ። ሚናቲ ናኒ አንድ ሳምንት ጨምሪ አለችኝ፤ ቲኬቱ አይሆንም አልኳት። መጽሐፏን ልትሰጠኝ አነሳችና እንደገና አስቀመጠችው፤ ተረዳኋት፣ ያላት እሱ ነው። ከዚያ ሦስተኛውን ደብተር ጠየቀችኝ። ማንበብ አትችይም አልኳት። «አውቃለሁ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ይኑር» አለችኝ። ሰጠኋት። ሩዙ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከበስተኋላ አስገባችው። እስከ አጥሩ በር ድረስ ሕፃኑን አዝላ ሸኘችኝ። በሩ ራሱን ዘግቶ በመሃላችን ሲቆም፣ በብረቱ በኩል ጣቶቼን ይዛ ብዙ ቆየች።

አውሮፕላን ላይ በናፕኪን ወረቀት ሠርግ ጻፍኩ። ልጁ በጀልባ ይመጣል፣ ሐኪሙም አስተማሪውም እሱ ነው። ሳነበው ልጅቷን አላገኘኋትም። ቀደድኩት።

ረቡዕ ኮምቦልቻ ገባሁ፣ ሐሙስ ሥራ ገባሁ። እትዬ ዘሀራ ስፌት ላይ ናት። ሰላምታውን አሳጥራ ደብተሩን ጠየቀችኝ። ሦስተኛው እዚያ መቅረቱን ነገርኳት፣ ከዚያም እውነቱን ሁሉ፤ ዘጠኝ ልጆች እንደነበሩ፣ እኔ ተሳስቼ አንድ እንዳደረግኋቸው። መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ እየገፋች ሰማችኝ።

«ዘጠኝ ይሁኑ አንድ ምን ቸገረኝ። መጣላት ወይስ ቀረ?» አለች።

ሰው ዓይን ማየት አይሆንልኝም፣ ያን ጊዜ ግን አየኋት።

«ቀረ» አልኳት።

የስፌት መኪናዋን አቆመች። ውጭ ባጃጅ አለፈ። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ አንስታ ተወችው።

«እሷስ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እሷማ አለች» አልኳት።